ያንን ቀሚስ የማልሰፋበት ምክንያት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቅርቡ በወጣው እትማችሁ የአንባብያን ገጽ ላይ አንድ ወንድም የጻፉትን አስተያየት ደጋግሜ አነበብኩት። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የትራንስጀንደር ሰዎችን፣ ማለትም ሲወለዱ ከተሰጣቸው ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖሩትን፣ ታሪክ የሚያወሳ ቲያትር ዳግም ለመድረክ መብቃቱን በአጭር ዜና በመዘገባችሁ ተቆጥተዋል። ነገሩ እኛን እንደማይመለከትና ቦታው ለአገር ቤት ወሬ ቢውል እንደሚሻል ጽፈዋል። ቲያትሩን እንዳላዩት ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ አይቼዋለሁ። ለሳቸውም፣ ለእናንተም፣ ለበዓሉ ጭውውት ቀሚስ አልሰፋም ላልኳቸው አስተባባሪዎችም የምለው ስላለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት መርካቶ፣ አክስቴ ሱቅ ውስጥ ነው፤ አሁን ኦክላንድ የራሴ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ከዚያ በፊት ግን ሳን ፍራንሲስኮ፣ ቴንደርሎይን የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ፣ አንድ ላውንደሪ ቤት ተቀጥሬ ልብስ ሳጠብና ሳሳጥር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰፈሩን ታክሲ የሚነዱ፣ ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ሆቴል የሚያጸዱ ወገኖቻችን አሳምረው ያውቁታል፤ ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሁሉ በዚያ አልፏል። እዚያ ስለሆነው ነገር ስናገር ስለ ሩቅ አገር የማወራ መስሎ አይሰማኝም።

ታሪኩን ለማያውቁት በአጭሩ ልናገር፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1960ዎቹ ቴይለርና ተርክ የሚባሉት መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ኮምፕተንስ ካፌቴሪያ የሚባል ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጋ ምግብ ቤት ነበር። ትራንስ ሴቶች፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ሆነው የሚኖሩ፣ በሌላ ሰፈር ቤት የሚያከራያቸውም ሥራ የሚቀጥራቸውም አያገኙም ነበርና የሚኖሩት በቴንደርሎይን ርካሽ ሆቴሎች ነው። ብዙዎቹም ሌላ መተዳደሪያ ስላጡ መንገድ ላይ ገላቸውን ይሸጡ ነበር። ሌሊቱ ሲጋመስ ኮምፕተንስ ገብተው አንድ ቡና አዝዘው ይቀመጣሉ፤ ማን እንደተመለሰች፣ ማን እንደታሰረች፣ ማን እንደተደበደበች የሚጠያየቁት እዚያ ነው። የምግብ ቤቱ ሰዎች ግን መቀመጣቸውን አልወደዱም። ተጨማሪ ክፍያ ጣሉባቸው፣ ፖሊስ እየጠሩም ያስወጧቸው ጀመር። በ1966 ክረምት ቫንጋርድ የሚባል የሰፈሩ ወጣቶች ማኅበር ደጃፉ ላይ ሰልፍ ቢወጣም ሰሚ አላገኘም። ነሐሴ ውስጥ በአንዱ ሌሊት ፖሊስ የአንዷን ክንድ ሲይዝ የያዘችውን ቡና ፊቱ ላይ ደፋችበት። ከዚያ ሳህኑም፣ የስኳር ዕቃውም ተወረወረ፤ መስኮቶቹ ረገፉ፤ ውጭ የነበረ የጋዜጣ መሸጫም ተቃጠለ። ይህ የሆነው በዓለም ሁሉ ከሚታወቀው፣ ግብረ ሰዶማውያንና ትራንስ ሰዎች ፖሊስን ከተጋፈጡበት የኒውዮርኩ የስቶንዎል አመጽ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው።

እንግዲህ ለጋዜጣ ሰዎች የምነግራችሁ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የከተማዋ ትልልቅ ጋዜጦች ነገሩን አልዘገቡትም። የዚያን ጊዜው የፖሊስ መዝገብም ዛሬ የለም። ትክክለኛው ቀን እንኳ ጠፍቶ ቀርቷል፤ ነሐሴ 1966 ከመባል በቀር ማንም ሊናገረው አይችልም። ሱዛን ስትራይከር የተባለች የታሪክ ምሁር፣ እሷም ትራንስ ሴት ናት፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ማኅደር ስታገላብጥ በ1972 የታተመ የሰልፍ ፕሮግራም ላይ ስለዚያ ሌሊት የተጻፈ አገኘች። ያንን ይዛ በሕይወት ያሉትን ፈልጋ፣ ፖሊስ የነበሩትንም አነጋግራ፣ በ2005 ዘጋቢ ፊልም ሠራችበት። ያ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ ከባለቤቶቹ ጋር ይቀበር ነበር። የማይመለከተን ነገር ገጻችንን አያጣብብ የሚለው ሐሳብ የዚያን ጊዜም አዘጋጆች ሐሳብ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ያስከተለው ነገርም ይኸው ነው።

ቲያትሩ የተሠራው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁለቱ፣ ዶና ፐርሶናና ኮሌት ለግራንድ፣ ያንን ዘመንና ያንን ሰፈር የኖሩበት ናቸው። ዶና የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ናት፤ በወጣትነቷ ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ እየመጣች ኮምፕተንስ ውስጥ ትቀመጥ ነበር። ሦስተኛው ማርክ ናሳር ተመልካቹን ከተዋናይ ጋር ቀላቅሎ በማስቀመጥ የታወቀ የቲያትር ሰው ነው። በቴንደርሎይን ሙዚየም አማካይነት በ2018 ታየ፤ በ2025 ደግሞ ላርኪን መንገድ ላይ ለዚሁ በተዘጋጀ ቤት ተመለሰ። ገብታችሁ የምትቀመጡት እንደ ምግብ ቤት ደንበኛ ነው። አስተናጋጅ ትመጣለች፣ ቡና ይቀዳል፣ አጠገባችሁ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሴት ተዋናይ መሆኗን የምታውቁት መናገር ስትጀምር ነው። መጋረጃ የለም። ሲጮኹ ጩኸቱ ጆሯችሁ ላይ ነው፤ ፖሊሱ ሲገባም በጀርባችሁ በኩል ያልፋል። እኔ ከተዋናዮቹ የአንዷን የቀሚስ ስፌት በዓይኔ መቁጠር እስክችል ድረስ ቅርብ ነበርኩ። ትራንስ ሴቶቹን የሚጫወቱት ትራንስ ተዋናዮች ናቸው፤ ይህ የሚፈጥረውን ልዩነት በወሬ ማስረዳት አልችልም፣ ግን አንዲት ገጸ ባሕርይ ስለ ፍርሃቷ ስትናገር ከቃለ ተውኔቱ በላይ ሴትዮዋን ራሷን ትሰማላችሁ።

ልብስ ሰፊ በመሆኔ ደግሞ ሌላው ተመልካች ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር ውስጤ ገባ። ሳን ፍራንሲስኮ በ1863 ሰው የጾታው ያልሆነ ልብስ ለብሶ አደባባይ እንዳይታይ የሚከለክል ደንብ አውጥታ ነበር። ደንቡ የተሻረው በ1974 ነው፤ ጃንሆይ ከዙፋን በወረዱበት ዓመት ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ ቀሚስ የወንጀል ማስረጃ ነበር። በዘመኑ የኖሩት ሲናገሩ የሸሚዝ ቁልፍ በተሳሳተ ጎን መሰፋቱ እንኳ ያስይዝ ነበር ይላሉ። ልብስ የሰፋ ሰው ያውቀዋል፤ የወንድ ሸሚዝ ቁልፉ በቀኝ ይሰፋል፣ የሴት በግራ። አክስቴ መጀመሪያ ካስተማረችኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ስሳሳት ትተረትረዋለች፣ እንደገና እሰፋዋለሁ፤ ከዚያ ያለፈ መዘዝ አልነበረውም። እዚህ አገር ግን በዚያች ሁለት ጣት በማትሞላ ልዩነት ሰው ከመንገድ ላይ ተነሥቶ ወኅኒ ወርዷል፣ ፀጉሩን ተላጭቷል። ያ ሰሞን ሱቄ ተመልሼ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ በተከልኩ ቁጥር ነገሩ ትዝ እያለኝ መርፌውን አስቀምጬ የምቀመጥበት ጊዜ ነበር።

አስተያየት ሰጪው ወንድም ስለ ሃይማኖትም አንስተዋል። እኔም ጾሜን የምጾም፣ ቤተ ክርስቲያን የምስም ሴት ነኝ፤ የማንንም እምነት ለመንካት አልጻፍኩም። ግን ኤሊየት ብላክስቶን ስለሚባለው ፖሊስ ያንብቡ። በዚያ ዘመን ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋር እንዲሠራ ተመድቦ የነበረ፣ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ነው። ትራንስ ሴቶቹ የሚያስፈልጋቸውን መድኃኒት መግዣ ሲያጡ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ገንዘብ አሰባስቦላቸዋል። ሥነ መለኮት አልተከራከረም፤ የተቸገረ ሰው አይቶ አዋጥቷል።

አሁን ወደ ራሳችን መድረክ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጀመረኝም እሱ ነው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ እዚህ በምናደርገው ዝግጅት አንድ የተለመደ አጭር ጭውውት አለ። ወንድ ተዋናይ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ደረቱ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይወጣል፤ አረማመዱና ድምፁ ብቻ ሕዝቡን ያስቀዋል፤ መጨረሻ ላይ «ሴት» ሆኖ መታየቱ ተጋልጦ ይባረራል። የሚሳቀው በመባረሩ ላይ ነው። ዘንድሮም የዝግጅቱ አስተባባሪዎች ቀሚሱን እንድሰፋ ጨርቁን ሱቄ ድረስ ይዘው መጡ። አልሰፋም አልኳቸው። ጨርቁን አጣጥፌ መለስኩላቸው። ተቀይመውኛል፤ ከነሱ ጋር ብዙ ዘመን ተዛዝለን የኖርን ሰዎች ነንና ቅያሜያቸው ቀላል አልሆነልኝም። ምክንያቴን ቆመን ለመነጋገር ጊዜ ስላልነበረ ነው በጋዜጣ የምጽፈው።

በአንድ ነገር እንዳይሳሳቱብኝ። ወንድ የሴት ገጸ ባሕርይ መጫወቱን አልቃወምም። የአገራችን ዘመናዊ ቲያትር የተጀመረው እንዲያ ነው፤ እነ አስናቀች ወርቁ መድረኩን እስኪረግጡ ድረስ እናትም፣ ሚስትም፣ ንግሥትም ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሰውም ቁጭ ብሎ አልቅሶ ይመለስ ነበር እንጂ በቀሚሱ አይስቅም። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ነውር ነበር። አስናቀችን የመሰሉት ስድቡን ችለው ሲወጡ ግን አንድ ነገር ተለወጠ፦ ሴትን መድረክ ላይ የምታሳየው ሴት ራሷ ሆነች። ማንም ዛሬ ወደ ኋላ እንመለስ አይልም። ላርኪን መንገድ ላይ ያየሁት ቲያትርም በኔ ግምት ያንኑ በር ነው የከፈተው። ስለነሱ ሌላው ሲጫወት፣ ሌላው ሲቀልድ፣ ሌላው ሲፈርድ ኖሯል። አሁን ራሳቸው ወጥተው «የሆነው እንዲህ ነው» አሉ።

አልሰፋም እንድል ያደረገኝ ግን ቲያትሩ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዓምና አንዲት ወጣት ሱቄ መጣች፤ በስልክ ቀጠሮ ስትይዝ በእንግሊዝኛ ነበር ያወራችኝ። ስትገባ የያዘችውን የፌስታል ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ዝም ብላ ቆመች። ከፍቼ ሳየው የሐበሻ ቀሚስ ነው፤ የቆየ፣ በእጅ የተፈተለ፣ ከአንገቱ እስከ ጫፉ የወረደ አረንጓዴና ወርቃማ ጥልፍ ያለው። ጥለቱ እንዳይበላሽ በወረቀት ተጠቅልሎ የኖረ መሆኑ ከእጥፋቱ ያስታውቃል። «የማን ነው?» አልኳት በአማርኛ። «የእናቴ ነው፣ እትዬ» አለችኝ። ከዚያም ቶሎ ብላ፣ እኔ ከመጠየቄ በፊት ልትጨርሰው የፈለገች ይመስል፣ ትራንስ መሆኗን፣ ሰው ሁሉ በወንድ ስም ያሳደጋት መሆኑን፣ እናቷ ከመሞታቸው በፊት ጠርተዋት ቀሚሱን በእጇ እንደሰጧት ነገረችኝ። ሁለት ሌላ ሰፊ ቤት ሄዳ ነበር፤ ሁለቱም የወገኖቻችን ናቸው። አንዱ ዋጋ ሲጠራ ሆን ብሎ የማይቻል ዋጋ ጠራባት፤ ሌላው ከነልጆቹ ስቆባታል።

ሜትሬን አንስቼ ለካኋት። ትከሻዋ ከእናቷ ይሰፋል፤ ብብቱ ጋ ይይዛታል። እንዲህ ያለ ጥልፍ ያለውን ቀሚስ በጎን መተርተር አይቻልም፣ ጥልፉ ይቆረጣል። ስለዚህ የጀርባውን መሐል ተርትሬ፣ ከነጠላው ጫፍ ጥለቱን የሚመስል ቁራጭ ወስጄ በዚያ አስገብቼ አሰፋሁት፤ እጅጌውን ከገበሩ ጋር ነቅዬ ወደ ውጭ ገፋ አድርጌ መለስኩት። የትከሻው ስፌት እንዳይጎትት ውስጡን በእጄ ነው የለቀምኩት። ለመለካት ተመልሳ ስትመጣ መስታወቱ ፊት አቆምኳት፤ መቀነቱን ራሴ አሰርኩላት። ብዙ ሙሽራ አስለብሻለሁ። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚያየው ወገቡን ነው። እሷ ያየችው ጥልፉን ነበር፤ እጇን አንገቱ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ተከተለችው። «እማዬ ለክርስትናዬ የለበሰችው ነው» አለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ቲያትሩን እንዳይ የጋበዘችኝ እሷ ናት። ከትርኢቱ በኋላ ስንወጣ የነገረችኝን ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። በልጅነቷ ለበዓል እናቷ እጇን ይዘው ከላይ ያልኩትን ጭውውት ለማየት ይወስዷት ነበር። አዳራሹ ሙሉ ሲስቅ እሷም ትስቃለች፤ ካልሳቀች ሰው የሚያውቅባት ይመስላት ነበር። እኔ ያንን ስሰማ በየዓመቱ በዚያ አዳራሽ ፊት ለፊት ረድፍ የሚቀመጡት ልጆች ፊት መጣብኝ። ከነሱ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ የለም ብሎ የሚምል ማን ነው? ነግ በኔ የምንለው ለሌላው ነገር ሁሉ አይደል?

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው ለሚሉትም አንድ የሚታወቅ ስም ልጥራ። ሃኒ ማሆጋኒ ከኢትዮጵያ ተሰድደው ከመጡ ወላጆች ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደች የኛው ልጅ ናት። ዘፋኝና የመድረክ ሰው ናት፤ በ2013 በቴሌቪዥን ውድድር ቀርባ አገር አውቋታል። በርክሊ በማኅበራዊ ሥራ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛለች። በ2017 ከሁለት ጥቁር ትራንስ ሴቶች ጋር ሆና ያ ምግብ ቤት የነበረበት ሰፈር በከተማዋ ሕግ የትራንስጀንደር ባህል ቀጠና ሆኖ እንዲታወቅ አድርጋለች፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ሲመሠረት የተሰየመውም በኮምፕተንስ ነበር። በ2021 የከተማዋ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሊቀ መንበር ሆና ተመርጣለች። ልጆቻችን ዶክተር ሲሆኑ፣ ለምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ሩጫ ሲያሸንፉ ፎቷቸውን በፊት ገጽ የምታወጡ ናችሁ፤ ደስ ብሎኝ ቆርጬ ሱቄ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳቸውም አሉ። የሷን ግን በአማርኛ ጋዜጣ አንድም ቀን አላየሁም።

የኮምፕተንስ ሕንጻ ዛሬም ቆሟል፤ ቴይለር 101 ቁጥር ነው። ከወኅኒ የሚወጡ ሰዎች የሚያርፉበት፣ የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ቤት ሆኗል። ከ2006 ጀምሮ የእግረኛ መንገዱ ላይ ስለዚያ ሌሊት የሚናገር ሰሌዳ ተተክሏል፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ቦታው በአገር አቀፍ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ላውንደሪ ቤቱ ስሠራ በዚያ ሰሌዳ ላይ ስመላለስ ኖሬያለሁ። የሚያስረዳ ሰው ቢኖር በቋንቋችን ምን ያህል ወገን ቆሞ ያነበው ነበር!

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ቲያትሩን የሠሩትን ሰዎች የሚያነጋግር ዘጋቢ ላኩ። ዶና ፐርሶና በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በዘጋቢ ፊልሙ ላይ ስለዚያ ዘመን ከተናገሩት አንዷ፣ የቬትናም ዘማቿ ፌሊሲያ ኤሊዞንዶ፣ በ2021 አርፈዋል። እንዲህ ያለ ምስክር ለነገ አይቀጠርም። ሃኒ ማሆጋኒንም በአማርኛ አንባቢ ፊት አቅርቧት፤ ወላጆቿ ይዘውት ስለመጡት ስደትም፣ እሷ ስላለፈችበትም ጠይቋት።

ለዝግጅቱ አስተባባሪዎችም ሐሳብ አለኝ። ያ ጭውውት የሚወስደው ሩብ ሰዓት ባዶ ይሆንባችኋል ብዬ አይደለም እምቢ ያልኳችሁ። ልጅቷ ስለ እናቷና ስለ ቀሚሱ በአማርኛ የጻፈችው አለ፤ ለኔ አንብባልኛለች፣ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ስሟ ሳይጠራ እኔ ላነብላት፣ ድፍረቱ ከመጣላት ደግሞ ራሷ ልታነበው ፈቅዳለች። የሚቀጥለው ስብሰባችሁ ቅዳሜ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ወረቀቱን ይዤ እመጣለሁ። አስተያየቱን የጻፉት ወንድምም በዚያ ቢገኙ ደስ ይለኛል፤ ከስብሰባው በኋላ ቡና አፍልቼ እጠብቃቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ልብስ ሰፊ
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ